የጋሽ ምትኩ አሥራ ሁለት ወረቀቶች

ስልኬ ሲጠራ የፎቶ ኮፒ ቤቴን በር ገና እየከፈትኩ ነበር። እትዬ አልማዝ ናቸው። ሰላምታም አላስቀደሙም። "ምትኩ አረፈ" አሉኝ። "ቁርሱን በልቶ፣ ግድግዳውን ተደግፎ እንደተቀመጠ። እዚህ ሰፈር ሰው አላውቅም፤ ነይልኝ።"

በሩን መልሼ ዘጋሁትና ከስድስት ኪሎ ከከተማው ዳር እስካለው ኮንዶሚኒየማቸው ሦስት ታክሲ ቀያይሬ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ እንባዬ አልመጣም። የመጣው የጋሽ ምትኩን ጣቶች ሳይ ነው። አስከሬኑን የሚያጥቡት ሰዎች ቆዳቸው ውስጥ በዓመታት የሰረገውን ጥቁር ቀለም ማስለቀቅ አቅቷቸው በሳሙና ይፈትጉታል። "ምንድን ነው ይሄ?" አለ አንደኛው።

"ተዉት፣ ሥራቸው ነው" አልኩት።

ጋሽ ምትኩ አጭርና ቀጭን ሰው ነበሩ፤ ክረምት ከበጋ ከአንድ ቡናማ ኮት አይለዩም። ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ በማለት ፈንታ ዝቅ ይላል። በወጣትነታቸው አራዳ ውስጥ በነበረ አንድ አሮጌ ማተሚያ ቤት የድንጋይ ህትመት፣ ሊቶግራፊ የሚሉትን ሙያ ተማሩ። በተስተካከለ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው ጥቁር እርሳስ ይሳላል፤ ድንጋዩ በስፖንጅ ይረጥባል፤ ከዚያ ቀለም ሲዳመጥበት ቀለሙ የሚይዘው ቅባቱ ያለበት ቦታ ብቻ ነው። ውሃና ቅባት አይስማሙማ። "እኔ የሁለት ባላንጣዎች ሽማግሌ ነኝ" ይሉ ነበር ጋሽ ምትኩ። "ሳላስታርቅ አብሬ አኖራቸዋለሁ።"

ማተሚያ ቤቱ ዘመናዊ ማሽን ሲያስገባ ድንጋዮቹ የግቢ ንጣፍ እንዲሆኑ ተጣሉ። እሳቸው አንዱን ለአራት ሰው አሸክመው፣ መዘውር ያላትን አሮጌ ማተሚያ ጨምረው፣ ውቤ በረሃ ወዳለው ቤታቸው ጓዳ አስገቡት። ከዚያ ጀምሮ ያተሙት የራሳቸውን ሥራ ብቻ ነው። ሥራቸው ደግሞ ሰው የለበት፣ ዛፍ የለበት፣ ቤተ ክርስቲያን የለበት። ጥቁር፣ ግራጫ፣ አንዳንዴ እንደ ዝገት ያለ ቀይ። የሰፈሩ ሰው "ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ሲላቸው "ምን ይመስልሃል?" ይላሉ። "ደመና" ካላቸው "በል እንግዲህ፣ ዝናብ ሲያበላሽብህ እንዳትከሰኝ" ብለው ይስቃሉ።

እኔ ግን ያን ሳቃቸውን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የተዋወቅነው በክፉ ቀን ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ረፋድ ላይ ባልና ሚስት ሱቄ ገቡ። ሚስትየው ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ መሬት ይጠርጋል። የአንድ ወጣት ጉርድ ፎቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና "ልጄ ነው፤ ዮናስ ይባላል። ከቤት ከወጣ ስድስት ቀኑ። 'የጠፋ ሰው' ብለሽ ጻፊልኝ" አሉኝ። ሆስፒታል የቀራቸው የለም። ፖሊስ ጣቢያም የቀራቸው የለም። እግራቸው አብጦ ጫማቸውን እንደ ነጠላ ጫማ ረግጠውታል።

ጽፌ ጨረስኩና "ስንት ላባዛ?" አልኩ።

"ሁለት መቶ።"

ባልየው ከገቡ ጀምሮ በሩ ላይ ቆመው መንገዱን ነበር የሚያዩት። ዞር ሳይሉ "ሃያ ይበቃል" አሉ።

"ሃያ?" አሉ እትዬ አልማዝ። "ላንድ ልጅህ ሃያ ወረቀት?"

ጋሽ ምትኩ ዓይናቸውን ከመንገዱ አላነሡም። ሁለት መቶውን አባዛሁ። ሲወጡ በልቤ 'ይሄስ ድንጋይ ነው' አልኩ። ያኔ ሥራቸውን አላውቅም ነበር።

ሁለት ወር ያህል ቆይተው ብቻቸውን ተመለሱ። አብሯቸው የሚያትመው ጓደኛቸው እንደሞተ ነገሩኝ። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ሲያረጥብ ሌላው ቀለም ይዳምጣል። "ያን ቀን ወረቀት ስትይዢ አይቼሻለሁ" አሉኝ። "ጠርዙን ነው የምትይዢው። መሀሉን የማይነካ ሰው አላገኘሁም። እሁድ እሁድ ብትመጪልኝ?"

ከምኖርበት ከአፍንጮ በር ውቤ በረሃ ሩቅ አይደለም። እኔም ባሌን ከፈታሁ ወዲህ የእሁድ ቤት ይከብደኝ ነበርና እሺ አልኩ።

እንዲህ ነው ያ ሥራ የተጀመረው። ድንጋዩ ላይ የሳሉት ነገር ከአንዱ ጥግ ተነሥቶ እየሰፋ የሚሄድ፣ መድረሻው ላይ ድንገት የሚቆም ጥቁር ነገር ነው። አንዱ መንገድ ይለዋል፣ ሌላው ጭስ። ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት የተቆራረጠ የደብተር ወረቀት በዱቄት ማጣበቂያ እዚህም እዚያም ይለጥፉበታል፤ አንዱ ተዘቅዝቆ፣ አንዱ በጎኑ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ይተኛል፤ መዘውሩን እናዞራለን፤ ቀለሙ በቁርጥራጮቹም ላይ ያርፋል። ከሥር ሰማያዊ የእስክርቢቶ ጽሑፍ ይታያል፣ ግን ተቆራርጦ ስለተዘበራረቀ አይነበብም።

"የምን ደብተር ነው ጋሼ?" አልኳቸው።

"የዮናስ። የትምህርት ነው።"

"እትዬ አልማዝ ያውቃሉ?"

"አልማዝ ማንበብ አትችልም" አሉኝ። የጠየቅኳቸው ይሄን አልነበረም።

እትዬ አልማዝ ያን ጊዜ በረንዳው ላይ ናቸው፤ ስልካቸው ጭናቸው ላይ። በር ሲንኳኳ ቀድመው ይነሣሉ፤ ሲከፍቱት የሚያዩት ግን ሌላ ሰው ነው። አንድ እሁድ ምሳ ሲያቀርቡልኝ እንዲህ አሉኝ፤ "ሳጥኔ ውስጥ አንድ ደብተሩ አለ። የትምህርት ነው ይለኛል ምትኩ። ቢሆንም የእጁ ጽሑፍ አይደል? ገልጬ አላየውም። ሲመጣ እንዳስቀመጠው ያግኘው ብዬ።"

ስለ ቁርጥራጮቹ ሳልነግራቸው ምሳዬን በላሁ። ሌላ ደብተር ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ። እስከ ዛሬ ያን ምሳ ሳስታውስ አፌን ይመረኛል።

አሥራ ሁለት አተምን። ጋሽ ምትኩ በእያንዳንዱ ግርጌ በእርሳስ ከአሥራ ሁለት አንደኛ፣ ከአሥራ ሁለት ሁለተኛ እያሉ ቁጥሩን ጻፉ። ርዕስ አልሰጡትም። ኤግዚቢሽን ልታዘጋጅላቸው ያሰበች አንዲት ሴትዮ መጥታ አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ጋሽ ምትኩ፣ እንዲህ ያለ ሠርተው አያውቁም። እባክዎ ሃያ ያድርጉት!"

"አሥራ ሁለት ብያለሁ" አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። በዚያው ቀን ድንጋዩ ላይ አሸዋና ውሃ አፍስሰን ፈተግነው። ሥዕሉ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ሰው ሁሉ ሥራውን ጨርሶ ይደሰታል፤ ጋሽ ምትኩ ግን ድንጋዩ ላይ እንዳቀረቀሩ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ድካም መሰለኝ።

አሥራ ሁለቱም ተሸጡ። የገዢዎቹን ስምና ስልክ የመዘገብኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ፒያሳ የመፍረስ ተራዋ ደረሰ። ጎረቤት ተራ በተራ እየተነሣ ዛሬ ያለፍንበት ቅያስ ነገ ፍርስራሽ ይሆናል። የእነ ጋሽ ምትኩ ቤትም ቀይ ምልክት ተደረገበት፤ ከከተማው ዳር አንድ ክፍል ያለው ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። እትዬ አልማዝ አልሄድም አሉ። "ልጄ ሲመጣ የት ብሎ ይፈልገናል?" እያሉ ለሚያገኙት ሁሉ ይናገራሉ። ለሰፈር ሰው፣ ለሚያፈርሱት ሠራተኞች፣ ለእኔ። በመጨረሻ አዲሱን አድራሻ አጽፈውኝ ከበሩ አጠገብ ባለው የመብራት ምሰሶ ላይ ለጠፍኩላቸው። በሳምንቱ ምሰሶውም ተነቀለ።

ዕቃ በሚጫንበት ቀን ነው ነገሩ የፈነዳው። ጋሽ ምትኩና እኔ ማተሚያዋን እየፈታታን ነበር። ድንጋዩን ይዞ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ሸካሚ ስላልተገኘ ግቢው ውስጥ ሊቀር ነው። እትዬ አልማዝ ሳጥናቸውን ከፍተው ይበረብራሉ። ልብሱን ሁሉ መሬት ላይ ዘረገፉት።

"ምትኩ፣ ደብተሩስ?"

ጋሽ ምትኩ መፍቻውን ማዞር ቀጠሉ።

"አንተ ሰው፣ የልጄ ደብተር የታለ?"

"ሥዕሉ ውስጥ ነው" አሉ ጋሽ ምትኩ።

"የቱ ሥዕል?"

"የተሸጠው። ቆርጬ ለጠፍኩት።"

እትዬ አልማዝ መጀመሪያ የገባቸው አይመስልም ነበር። ወደ እኔ ዞሩ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። በዚያ ነው የገባቸው።

"ልጄን በመቀስ ቆራረጥከው?" አሉ። አልጮኹም። "ሬሳውን እንኳ ካላየሁት ልጄ የቀረኝን እጁን ቆራርጠህ ሸጥከው?" ከዚያ ባዶው ሳጥን አጠገብ ቁጭ አሉ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል፤ የሚያፈርሱት ሰዎች አጥሩ ላይ ደርሰዋል። ጎረቤቶች ደጋግፈው መኪናው ላይ አወጧቸው።

ኮንዶሚኒየም ከገቡ በኋላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። እህል በልመና ካልሆነ አልቀምስ አሉ። በአራተኛው ቀን ጋሽ ምትኩ ሱቄ መጡ። በአራት ቀን አሥር ዓመት አርጅተዋል።

"የገዢዎቹን ስም የጻፍሽበት ወረቀት አለሽ?"

"አለ።"

"ልሰበስባቸው ነው።"

"ሰብስበው ምን ሊያደርጉ?"

"በውሃ እዘፈዝፋቸዋለሁ። የዱቄት ማጣበቂያ ነው፤ ይለቃል።"

ክው አልኩ። "ሥራዎት ይጠፋል እኮ ጋሼ! ድንጋዩም ተፍቋል። ዳግመኛ የለም!"

"የለም" አሉ። "ተነሺ በይ።"

ሱቄን ዘግቼ አሥራ አምስት ቀን አብሬያቸው ዞርኩ። አንዲት ሐኪም ታሪኩን ሰምታ ሳትጨርስ ሥዕሉን ከግድግዳዋ አውርዳ ሰጠችን፤ እስከ መኪና መንገድ ድረስ ሸኝታን አለቀሰች። አንድ ጠበቃ "የተሸጠ ዕቃ ነው፤ ሕግ አለ" ብሎ ሲከራከር ቆየና ሚስቱ ከውስጥ ወጥታ እሱን ተቆጥታ አስረከበችን። አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያው ላይ ሰቅሎታል፤ ሥራ አስኪያጁ አሻፈረኝ አለ። ጋሽ ምትኩ አልለመኑትም። ሥዕሉ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ተቀመጡና ኮፍያቸውን አወለቁ። እንግዳ ይገባል፣ ይወጣል፤ እሳቸው አይነቃነቁም። ጥበቃው ሊያነሣቸው መጣ፤ አየኝ፤ እኔም አየሁት፤ ተመልሶ ሄደ። ከቀትር በፊት የተቀመጡ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆዩ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወጥቶ "አባቴ፣ ይነሡ፤ ይውሰዱት፤ እኔም ልጅ አለኝ" አለ።

ዘጠኙን አገኘን። አንዱ ከገዢው ጋር ባሕር ተሻግሯል። አንዱን ገዢው ለማን እንደሰጠው አያስታውስም። የአንዷን በር ሦስት ቀን አንኳኳን፤ አልተከፈተልንም።

ኤግዚቢሽኑን ያዘጋጀችው ሴትዮ ሰምታ በስልክ አለቀሰችባቸው። "እብደት ነው ጋሽ ምትኩ! ምርጡ ሥራዎት ነው፤ ያውቁታል?"

"አውቀዋለሁ" አሏት። "ለዚህ ነው እጄ እንቢ የሚለኝ።" እውነታቸውን ነበር። ኮንዶሚኒየሙ ወለል ላይ ሁለት ሳፋ ለብ ያለ ውሃ አቅርቤ የመጀመሪያውን ወረቀት ሲይዙ እጃቸው ሊለቀው አልቻለም። ከእጃቸው ተቀብዬ ውሃው ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቁርጥራጮቹ አንድ አንድ እያሉ ተንሳፈፉ። ቀለሙ የቅባት ነውና ውሃ አልነካውም፤ ከሥሩ ሰማያዊው እስክርቢቶም አልፈሰሰም። ወፍራሙ ወረቀት ግን ጨማደደ፤ የቁርጥራጮቹ ቦታ ነጭ ቀዳዳ መስሎ ቀረ። እየተቀበልኩ ፎጣ ላይ ደረደርኳቸው። ጋሽ ምትኩ ጎንበስ ብለው ይሄን እዚህ፣ ያን እዚያ እያሉ ገጠሟቸው። አንዴም አልተሳሳቱም። አራት ገጽ ሆነ።

የትምህርት አልነበረም። የመጀመሪያው መስመር 'እማዬ' ይላል።

ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው እኔን አላዩም። "አንብቢላት" አሉኝ። "አንድም ሳታስቀሪ።" ተነሥተው በሩ አጠገብ ቆሙ፤ ልክ ሱቄ ውስጥ ያን ቀን እንደቆሙት።

እትዬ አልማዝ ከአልጋቸው ተነሡ። ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ማንበብ ጀመርኩ።

"'እማዬ፣ ይሄን ሰው ያነብልሻል ብዬ ነው የምጽፈው። ሳልነግርሽ የምሄደው ስለማልወድሽ አይደለም። ካየሁሽ እቀራለሁ። አራት ዓመት ተምሬ ሁለት ዓመት ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጎረቤት 'ሥራ አላገኘህም?' ሲለኝ አንቺ ቀድመሽ የምትመልሺው መልስ አንጀቴን በላው። በመተማ በኩል ነው የምሄደው። ለአባዬ ትናንት ነገርኩት። አባዬም...'"

ቆምኩ። ከዚያ ቀጥሎ የነበረው ቁራጭ የለም። ከጠፉት ሦስት ወረቀቶች በአንዱ ላይ ነው።

"አባዬም ምን?" አሉ እትዬ አልማዝ።

"የለም እትዬ፤ ይሄ ቁራጭ አልተገኘም። ወደሚቀጥለው ልለፍ?"

ጋሽ ምትኩ ዝም ቢሉ ያ ነገር በዚያው ይቀር ነበር። እኔ አላውቅም፤ እትዬ አልማዝ አያውቁም፤ የሚያውቅ ሌላ ሰው የት እንዳለ አይታወቅም። ከበሩ በኩል ድምፃቸው መጣ፤ እንደ ሕፃን ተማሪ በቃላቸው የሚወጡት ነበር የሚመስለው።

"'አባዬም ሂድ አለኝ። ነገ አውቶቡስ ተራ ድረስ እኔ እሸኝሃለሁ፤ ለእናትህም እኔ እነግራታለሁ አለኝ።' እንዲህ ነው የሚለው።"

እትዬ አልማዝ አንዱን ቁራጭ ከፎጣው ላይ አነሡ።

"አንተ ታውቅ ነበር" አሉ እትዬ አልማዝ።

"አውቅ ነበር።"

"ሆስፒታል ለሆስፒታል ስዞር? የሬሳ ክፍል ገብቼ የሰው ልጅ እየገለጥኩ ሳይ?"

"አብሬሽ ነበርኩ።"

"ለምን?"

"ደርሶ ሲደውል እነግርሻለሁ ብዬ ነው አልማዝ። አንድ ቀን አለፈ። ሁለት ቀን አለፈ። እያደር አፌ ተቆለፈ። ደብተሩን ላቃጥለው አስቤ ነበር። እጁ ነው፤ አልቻልኩም። አንብቤ ልነግርሽም አልቻልኩም።"

እትዬ አልማዝ ይጮኻሉ፣ ይመታሉ፣ ወይ ራሳቸውን ይጥላሉ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱ። ከዚያ ባልጠበቅሁት ድምፅ፣ ልክ ከሩቅ የመጣን እንግዳ እንደሚጠይቁ፣ "ምን ለብሶ ነበር?" አሉ።

ጋሽ ምትኩ ቀና አሉ። "ሰማያዊ ሹራብ። አንቺ የገዛሽለትን።"

"በልቶ ነበር?"

"ሻይ በዳቦ። ሙዝ ገዝቼ አስያዝኩት።"

"ከሄደ በኋላ ደወለ?"

"አንድ ጊዜ። ከመተማ። 'ነገ እንሻገራለን' አለኝ። 'እማዬ ምን አለች?' አለኝ።"

"ምን አልከው?"

ጋሽ ምትኩ ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ተንሸራተቱ። "'መርቃሃለች' አልኩት" አሉ። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።

እትዬ አልማዝ ወደ እሳቸው አልሄዱም። ካሉበት ሆነው፣ "ይቅር አላልኩህም" አሉ። "ይቅርም አልልህም። ግን ንገረኝ። ከመጀመሪያው ንገረኝ።"

ከዚያን ቀን ወዲያ ሥራቸው ይሄ ሆነ። ስሄድ አገኛቸዋለሁ፤ እትዬ አልማዝ ይጠይቃሉ፣ ጋሽ ምትኩ ይመልሳሉ። መስኮት አጠገብ ነው የተቀመጠው? ዞሮ አየህ? እጁን አነሣ? ስልኩ ላይ ሳል ይሰማ ነበር? ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ፤ ከመልሱ አንዲት ቃል ከጎደለች እትዬ አልማዝ ያስታውሷቸዋል። ጋሽ ምትኩ ዳግመኛ አላተሙም። ማተሚያዋ ሳትገጠም በረንዳው ላይ ዛገች። እኔ አንዳንዴ "ይተዉአቸው እትዬ፣ ደከሙ" እል ነበር። ጋሽ ምትኩ ግን እጃቸውን አንሥተው ያስቆሙኛል። "ተያት" ይሉኛል። "ልትጠይቀኝ የሚገባት የአራት ዓመት ነው።"

ዘጠኝ ወር እንዲህ ኖሩ። ከዮናስ የመጣ ወሬ የለም። እስከ ዛሬም የለም።

የቀብሩ ዕለት ሰው ጥቂት ነበር፤ የድሮው ሰፈር ሰው በየአቅጣጫው ተበትኗል፣ ግማሹም አልሰማም። አፈሩ ሲመለስ እትዬ አልማዝ አላለቀሱም። ሴቶቹ "ያውጡት፣ ያልቅሱ፤ እንዲህ ታፍኖ ጥሩ አይደለም" ይሏቸዋል። እሳቸው መቃብሩ ራስጌ ቆመው አዲሱን አፈር ያያሉ። ሰው ሁሉ ተራ በተራ እጅ ነሥቶ ሲሄድ እኔ ክንዳቸውን ያዝኩ። "እንሂድ እትዬ።"

"ትንሽ ቆዪ" አሉኝ። ጎንበስ ብለው፣ አጠገባቸው ለተኛ ሰው እንደሚያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ምትኩ" አሉ። "አውቶቡሱ ላይ ሲወጣ ሳቀ ብለኸኛል። ጥርሱ ታየ? እሱን ሳልጠይቅህ ሄድክ።"

ቆመው ጠበቁ።